ሐዘን ይሁን ፅንስ

መስከረም 2

ትናንት አዲስ ዓመት ነበር። የጎረቤት ሕፃናት አበባ ይዘው በራችን ድረስ መጥተው የተዘረጋውን ጥቁር ጨርቅ ሲያዩ ዝም ብለው ተመለሱ። ዛሬ ደግሞ ከራያ የመጡት የመጨረሻዎቹ ዘመዶች ሄዱ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ሊያ ነን።

ሊያ የልጄ የልዑል ሚስት ናት። ልዑል ነሐሴ 24 ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ክሪኩ ከድቶት ሞተ። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ እስካሁን አላልኩትም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ያ የሆነው ነገር» እያልኩ ነው የማልፈው።

ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር። አሁን እሷ ብቻዋን እዚያ፣ እኔ ብቻዬን እዚህ። መሀላችን ያለው ግቢ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሳንገናኝ ይመሻል።

ሰው በሞላበት ሰሞን ማልቀስ ቀላል ነበር። አሁን ሳለቅስ ድምፄን ራሴ እሰማዋለሁ።

መስከረም 3

ፀሐይ መጣች። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ልዑልን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች ማለት ይቻላል። ከእሷ ጋር የመጣች አንዲት የእድር ሴት በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች «ምስኪን፣ አንድ ዘር እንኳ ሳይተውላት» ስትል ሰማሁ። ፀሐይ «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለቻት።

ሰማሁ።

እስከ ዛሬ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሊያ ዛሬ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ተኛች። ሐዘን ያስተኛል፤ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ጓሮ እየተመላለስኩ በሯን አየሁ።

መስከረም 4

ሊያ ሱቅ ሄዳ ሞዴስ ገዝታ መጣች። በጥቁር ፌስታል ነበር፤ ግን አየሁት። በቃ።

ያልነበረኝ ነገር ነው የጠፋብኝ። ሁለት ቀን እንኳ ያልሞላ ሐሳብ ነበር። ለምን እንዲህ እንደማለቅስ አላውቅም።

መስከረም 10

ሱቄን ከፈትኩ። ክርና ጨርቅ ነው የምሸጠው። የመጀመሪያዋ ገበያተኛ ለከል የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ፈለገች፤ እናቷ ሞታባት። ለካሁላት፣ ቆረጥኩላት። እሷ አለቀሰች፣ እኔ መቀስ ይዤ ቆምኩ። ስትወጣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፤ እሷም የለበስኩትን አየችና ያንኑ መለሰችልኝ።

ሊያ ቤት ናት። የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት እስከ አርባው ፈቃድ ሰጥቷታል። ስልኳን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደዘጋች ነው፤ እናቷ ከመርሳ ስትደውል በእኔ ስልክ ነው።

መስከረም 14

ዛሬ በጣም ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የልዑል የሥራ ቱታና ጫማ እስከ ዛሬ ክፍላቸው ውስጥ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነበር። ከሱቅ ስመለስ ግቢ ውስጥ ከዝናብ ቱቦው ሥር ተጥሎ አገኘሁት። ተጥሎ ስል፣ ታጥፎ ነበር፤ ግን ውጭ ነበር።

«ምነው ልጄ?» አልኳት።

«ሽታው ነው እማማ» አለችኝ። «አልቻልኩም።»

የባሏ ሽታ። ገና አርባው ሳይወጣ። አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁትና አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩት። ዘይትና ናፍጣ ይሸታል። እኔ ፊቴን ቀብሬበት ዋልኩ፤ እሷ አልቻለችም። ትወደው ነበር ብዬ ነበር።

መስከረም 17

መስቀል ነው። እኛ ቤት መስቀል የለም። ያም ሆኖ ሳንበላ እንዳንውል ብዬ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመርኩ። ሊያ ከክፍሏ ወጥታ አፏን በነጠላዋ ይዛ በአጠገቤ አልፋ ሮጠች። ሽንት ቤት ገብታ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሆዴ ባዶ ስለሆነ ነው።»

ደረቅ ዳቦ በሎሚ በላች። ሎሚውን ከነልጣጩ መጠጠችው። ዓይኔ ከእጇ ላይ አልተነሣም፤ እሷም እያየሁ እንደሆነ አየችኝና ዳቦዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።

መስከረም 20

ሞዴሱን ያየሁት በዓይኔ ነው። ስለዚህ አይደለም። ሐዘን ነው።

ግን ሎሚው?

መስከረም 22

ሳራ ለሹራብ የሚሆን ክር ልትገዛ መጣች። ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ደፈርኩ።

«አንዲት ዘመዴ አለች» አልኳት። «ልጅ ናት። ሰሞኑን ምግብ ጠላች፤ ሁሌ ትተኛለች።»

ሳራ ክሩን በብርሃን እያየች «ወሯ መጥቷል?» አለች።

«በመስከረም መግቢያ ትንሽ ያየች መሰለኝ።»

«እንደ ወትሮዋ ነው ወይስ ጠብታ?»

«እኔ እንጃ። ሞዴስ ስትገዛ ነው ያየኋት።»

ክሩን አስቀመጠችው። «ብዙ ሴት ስሜቱ የሚጀምራት ወሯ ከቀረ በኋላ ነው» አለችኝ። «ከመጨረሻው ወር አበባዋ መጀመሪያ ቀን ቢቆጠር አምስተኛው ስድስተኛው ሳምንት ላይ። ቀድሞ የሚሰማት አለች፤ ጡቷን ያማታል፣ እንቅልፍ ይጫናታል። ምንም ሳይሰማት ሦስት ወር የሚሞላትም አለች። ያ ጠብታ ደግሞ ፅንሱ ማህፀን ሲይዝ የሚታይ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«ሽታስ?»

«ሽታ ብዙዎቹን ይረብሻል። ሽንኩርት፣ ሽቶ፣ ናፍጣ። ከዚያ በፊት የምትወደውን ሽታ ሳይቀር ትጠላለች።»

ናፍጣ ስትል እጄ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ግን እማማ ጥሩወርቅ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐዘንም እንዲሁ ያደርጋል። ወር ያቆማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያስተኛል። በዓይን አይለይም። የሚለየው በምርመራ ነው፤ እሱም እሷ ስትፈልግ። ዘመድዎ የሚያናግራት ሰው አላት?»

«ከእኔ ጋር ናት» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ።

ሳራ እንዳልሰማች ሆነች። «እንግዲያው አጠገቧ ይሁኑ። አይጠይቋት። ስትፈልግ ትነግርዎታለች» ብላ ክሯን ይዛ ወጣች።

ቱታውን ከአልጋዬ ላይ አንሥቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሊያን በልቤ ስሰድባት የነበረውን ሁሉ እያስታወስኩ ነው። ይቅር በይኝ ልላት አልችልም፤ ምኑን ብላ ትጠይቀኛለችና።

መስከረም 25

አልጠየቅኋትም። ግን ሥጋ ገዛሁ፣ ወተት ገዛሁ፣ ብርቱካን ገዛሁ። አጠገቧ ሁኚ ብላኛለች ሳራ። ሦስት ጊዜ ወደ ክፍሏ ገባሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሊያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር፤ እግሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

መስከረም 28

የልዑል አርባ ነበር። ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ከመርሳ የሊያ አባትና እናት፣ አቶ አስፋውና ወይዘሮ ውባለም መጡ። ሰዉ በልቶ ከተነሣ በኋላ አቶ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሐዘኑ የጋራችን ነው። ልጅቱ ግን ከስታለች። ፈቃድዎ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ ወስደን እናሳርፋት።»

ፈቃዴ አልነበረም። ያልኩት ግን እንዲህ አይደለም። ሥራዋ ነገ ይጀምራል አልኩ። መንገዱም አንዳንድ ቀን ይዘጋል አልኩ። ሰማንያው እስኪወጣ ከባሏ ቤት ብትሆን ለሰውም ለእግዜርም ያምራል አልኩ። ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ሊያ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ነበር። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።

በኋላ ዕቃ ላነሣ ወደ ጓሮ ስሄድ ከክፍሏ ድምፅ ሰማሁ።

«ለእሳቸውስ ነግረሻቸዋል?» ይላሉ ወይዘሮ ውባለም።

«አልነገርኳቸውም።»

«ምነው? ደስ ይላቸው የለም?»

«ያዩኛል እማ። ስበላ ያዩኛል፣ ስተኛ ያዩኛል። ገና ሳልነግራቸው እንዲህ ከሆኑ ስነግራቸውማ...»

ድስቱ እጄ ላይ ስለነበር ቆሜ አልሰማሁም። ስለ ምን እንደሚያወሩ አላወቅሁም። ምናልባት ስለ ሥራዋ ይሆናል። ልትለቅ ትፈልግ ይሆናል።

ልመናዬን የሰማ አምላክ ይመስገን።

ጥቅምት 2

ሊያ ሥራ ጀምራለች። ጠዋት በባጃጅ ትሄዳለች፤ ከሰዓት ተመልሳ ልብሷን ሳታወልቅ ትተኛለች። እቤት ውስጥ አንድ ቃል ካወራን «ደህና ዋልሽ» ነው።

ሌሊት ለሽንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሣለች። የበሯ ማጠፊያ ይጮኻል። ዘይት ላደርግለት አስቤ ተውኩት።

ጥቅምት 4

ወይዘሮ ውባለም ደወሉ። ተኝታለች አልኳቸው። እውነትም ተኝታ ነበር። ስትነሣ ግን ልነግራት ረሳሁ።

ጥቅምት 6

እንደገና ደወሉ። ሱቅ ነበርኩ። «ቅዳሜ መጥቼ ልያት ወይስ እሷን ይልኩልኛል?» አሉኝ። «መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ፤ ትንሽ ይቆዩ» አልኩ። ይህን ስናገር ከሱቄ ፊት የሚኒባሱ ረዳት «መርሳ! መርሳ! ውርጌሳ!» እያለ ይጣራ ነበር። በእጄ የስልኩን አፍ ሸፈንኩት።

ሰምተው ይሆን?

ጥቅምት 7

ከመድኃኒት ቤት የሽንት መመርመሪያ ገዛሁ። ልጁ ያውቀኛል፤ በእኔ ዕድሜ ምን ልታደርገው ብሎ ይሆናል። ሊያ ሥራ ሳለች ገብቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አልጠየቅኋትም። ሳራ አትጠይቂ ያለችውን ጠብቄአለሁ።

ጥቅምት 8

ጠዋት ስነሣ መመርመሪያው የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልተከፈተም።

ሊያ እንደ ወትሮው በባጃጅ ሄደች።

ጥቅምት 10

ጎህ ሲቀድ ስታስመልስ ሰማኋት። ተነሥቼ ከሽንት ቤቱ በር ውጭ ቆምኩ። ውኃ ልሰጣት ነበር የተነሣሁት፤ ኩባያውም በእጄ ነበር። ግን አላንኳኳሁም። ቆሜ አዳመጥኩ። የሰው ልጅ አንጀቷ እስኪወጣ ስታቃስት ሰምቼ ደስ አለኝ።

እንዲህ ያለች ሴት ሆኛለሁ።

ልዑል ትንሽ ልጅ ሳለ ሲያስመልስ ግንባሩን እይዝለት ነበር። የሊያን ግንባር የያዘላት ሰው የለም።

ጥቅምት 12

ሊያ ሄደች።

ከሱቅ ስመለስ ክፍሏ ተጠርጎ፣ አልጋዋ ተነጥፎ አገኘሁት። ሻንጣዋ የለም። ፀሐይ ከግድግዳው ወዲያ ጠርታኝ በራሷ በር ቆመች። ወደ ውስጥ ግቢ አላለችኝም።

«መርሳ ሄጃለሁ በሉልኝ ብላለች» አለችኝ። «እናቷ በእኔ ስልክ ደውለው ነበር። ቁጥሬን በአርባው ዕለት ነው የወሰዱት። አገናኘኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ጥሩዬ፣ ምን ይላሉ? ስንት ጊዜ ደውለን ሳናገኝሽ ቀረን አሏት። መንገድ ተዘግቷል ተባልን አሏት። ልጅቱ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ሻንጣዋን አወጣች።» ፀሐይ ዓይኔን ሳታይ «እኔ ልከለክላት አልችልም ነበር» አለችኝ።

«ሌላ ነገር አላለችሽም?»

«እኔን አይደለም የሚጠብቁት አለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።»

እኔም አልገባኝም አልኳት።

ጥቅምት 13

ሱቅ አልከፈትኩም።

ጥቅምት 15

ስልኳ ዝግ ነው። ወይዘሮ ውባለም ያነሣሉ፤ ግን ምን እላቸዋለሁ? ሁለቴ ቁጥሩን አውጥቼ ሁለቴ መለስኩት።

ለራት አንድ ሰው የሚበቃው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ሁልጊዜ ይተርፈኛል። ሳጥን ውስጥ ያለውን ቱታ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት።

ጥቅምት 18

ሄኖክ መጣ። ከልዑል ጋር ጋራዥ አብሮ ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነው። መግቢያው ላይ ቆሞ «ሊያ የለችም?» አለኝ። «መርሳ ናት» ስለው «ጥሩ ነው፣ እናት ዘንድ ስትሆን ይሻላታል» አለ። በቅን ልቦና ነው ያለው። ቤቱን ዞር ብሎ አየው፤ ባዶነቱ አስደንግጦት መሰለኝ ብዙ ሳይቆይ ሄደ።

እናት ዘንድ። እኔስ ምንድን ነኝ?

ጥቅምት 20

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስጸልይ የምጸልየውን ሰማሁት። «ልጄን መልስልኝ» እያልኩ ነበር። ከብዙ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምለው። ሌላ ጸሎት የለኝም። እግዚአብሔር የሚያውቀው ግን የጠየቅሁት የሊያን ሆድ ነው። እሷን አይደለም፤ ሆዷን። ስትበላ አይቻታለሁ፣ ስትተኛ አይቻታለሁ፤ ስታለቅስ ግን አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ አላልኩም። ባሏ ሞቶባታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ነገ መርሳ እሄዳለሁ። ባያስገቡኝም ከበር እመለሳለሁ።

ጥቅምት 21

ሄጄ ተመለስኩ። ሁሉንም እንደሆነ ልጻፈው።

በሚኒባስ ሄድኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ ማሽላው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ጠባቂዎች ወፍ ያባርራሉ። መንገዱ ክፍት ነበር። ሁሌም ክፍት እንደነበር እያሰብኩ መርሳ ደረስኩ።

ወይዘሮ ውባለም በሩን ከፍተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ «ይግቡ» አሉኝ። አቶ አስፋው እርሻ ላይ ነበሩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ። አልጠጣሁም።

«ልጅዎን ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «መንገዱ አልተዘጋም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ረዳቱ ሲጣራ ሰምቼ ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው «ሊያ፣ እማማ መጥተዋል» ብለው ጠሩና እኛን ትተው ወደ ጓሮ ወጡ።

ሊያ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ፊቷ ግን ያው ነው። ጉንጬን ሳመችኝ። ከእኔ ራቅ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ዕቃ ጠረጴዛሽ ላይ ማስቀመጥ አልነበረብኝም» አልኳት።

«አያስፈልገኝም ነበር እማማ። ከአርባው በፊት ሄጄ ተመርምሬ ነበር።» ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን አልሳቀችም።

«መቼ አወቅሽ?»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በአዲስ ዓመት ሰሞን ጡቴን ያመኝ ጀመር። በለቅሶው ደረቴን ስለመታሁ ነው ብዬ ነበር። ቁስሉ ሲድን የጡቴ ሕመም ግን ባሰ። ከዚያ ትንሽ ደም ሳይ በቃ አይደለም አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቀረ። ከዚያ የልዑልን ቱታ ሸተትኩትና አንጀቴ ተገለበጠ። እኔ ያን ቱታ ማታ ማታ አቅፌው ነበር የምተኛው። ውጭ ሳወጣው ልዑልን ያወጣሁት መሰለኝ። እርስዎም እንደዚያ ነው ያዩኝ።»

«እንደዚያ ነው ያየሁሽ» አልኩ። ልዋሻት አልቻልኩም።

«ልነግርዎት ነበር። አንድ ሁለቴ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የገባ ሰው ሁሉ አጽናኝቶ ሲያበቃ ሆዴን ነበር የሚያየው። እርስዎም እንዲሁ። ለጥቂት ጊዜ የእኔ ብቻ ይሁን አልኩ። ከእሱ ጋር የቀረኝ ምስጢር ይህ ብቻ ነው።»

ጓሮ ዶሮ ይንጫጫል።

«እማማ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ልዑልን ነው» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። «እኔም የምፈልገው እሱን ነው። የሚመጣው ግን ልዑል አይደለም። ሌላ ሰው ነው። ሴትም ልትሆን ትችላለች። እሱን እንድናመጣልዎት ከጠበቁ እኔም እሷም አንችልም።»

ይህን ለመስማት ነው ለካ ይህን ሁሉ መንገድ የሄድኩት። መሬት መሬት እያየሁ «አውቃለሁ» አልኩ፤ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነበር።

«እዚሁ እወልዳለሁ» አለችኝ። «እዚህ ባለው መዋዕለ ሕፃናት የሥራ ቦታ እንዳለ ነግረውኛል።»

«እሺ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆናብኝ ነበር።

ወይዘሮ ውባለም ምሳ አቀረቡ። ሊያ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። እኔ ሳህኑን አላየሁም፤ መስኮቱን አየሁ። ስነሣ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ዞሬ አላየሁም። ሲሪንቃ እስክንደርስ ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ ነበርኩ።

ጥቅምት 28

ሱቅ። ቤት። ሱቅ።

ሳራ «ዘመድዎ እንዴት ናት?» አለችኝ። «እናቷ ዘንድ ናት» አልኳት። ክር መርጣ ከፈለችና «እርስዎስ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። «እኔማ አለሁ» አልኩና መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመርኩ።

ፀሐይ ማታ ማታ ትመጣለች። ስለ ሊያ አናወራም። የጓሮው ክፍል ይከራይ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይከራይም አልኩ። አልፎ አልፎ ገብቼ መስኮቱን እከፍተዋለሁ፤ እንዳይታፈን።

ኅዳር 9

ሰማንያው አለፈ። ከመርሳ አቶ አስፋው ብቻቸውን መጡ። ሊያ መኪና ስለሚያስመልሳት ይቅርታ ጠይቃለች አሉኝ። ከላይ የለበስኩትን ጥቁር ካባ አወለቅሁ። ውስጤ ያለው ያው ነው።

ኅዳር 11

ከሱቅ ወደ ቤት ስገባ በቀጥታ የጻፍኩት ነው።

አንዲት ሴት ክር እያስመረጠችኝ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሣሁት።

«እማማ፣ እኔ ነኝ። ሊያ ነኝ። አዲስ ቁጥር አወጣሁ።»

«ደህና ነሽ?»

ትንፋሿ ይሰማል። «ማቅለሽለሹ ቆመ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ዛሬ ሽንኩርት ሲቁላላ አጠገቡ ቆምኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ጡቴም እንደ ድሮው አይደለም። እማ ገበያ ሄዳለች። ፈራሁ።»

ክሩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ መንገድ ተሻገርኩ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋብኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ሳራ መርፌ ይዛ ነበር፤ እስክትጨርስ በር ላይ ቆሜ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ «አለሁ፣ አለሁ» እል ነበር። ለማን እንደምል አላውቅም፤ ለእሷም ለራሴም ነበር።

ሳራ ስልኩን ተቀበለች። ደም አይተሻል? አይ። ቁርጠት? አይ። ትኩሳት? የለም። የመጨረሻው ወር አበባሽ መቼ ነበር? ሰማችና በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ወር ሞልቶሻል» አለቻት። «ለብዙ ሴት በዚህ ጊዜ ነው የሚቀላት። በስድስተኛው ሳምንት ግድም የመጣው በአሥራ ሁለተኛው በአሥራ አራተኛው ይሄዳል። ብቻውን አያስፈራም። ነገ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል ጀምሪ፤ የልቡን ምት ያዩልሻል። ደም ወይም ቁርጠት ካለ አሁኑኑ ሂጂ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ሊያ ታለቅስ ነበር። እኔም ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የሚጠብቁት ሕመምተኞች አዩኝ። ስልኩን አልዘጋንም።

ወደ ሱቄ ስመለስ ገበያተኛዋ ክሯን መርጣ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄዳ ነበር።

ኅዳር 13

ትናንት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ዛሬ ደወለች። ልቡን አይተውላታል። «ቶሎ ቶሎ ይመታል» አለችኝ። «እንደዚያ ነው ይላሉ። ፈጣን ነው ይላሉ።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ምን ይመስላል፣ ወንድ ነው፣ ሴት ናት አላልኩም። «አንቺስ? ትበያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ወዲያው ደግሞ መጠየቄ ከበደኝና «ካልፈለግሽ አትንገሪኝ» አልኩ። ሳቀች። ልዑል ከሞተ ሊያ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ «እማማ፣ እርስዎ ልዑልን ሲያረግዙ መቼ ጀመረዎት?» አለችኝ።

ልዑልን ካረገዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ በወር አንድ ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ይህንን ነገርኳት። በአንድ ምሽት ኩራዙን ሳበራ የጋዙ ሽታ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አጥፍቼ በጨለማ መቀመጤን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ማታ ማታ በጨለማ እንደተቀመጥኩ፤ ጎረቤቱ ጋዝ ቆጥባ ነው ሲል፣ እኔም አዎ እያልኩ። ሆዴ ገፍቶ ሰው አይቶ እስኪጠይቀኝ ለማንም አለመናገሬን።

«ለምን አልተናገሩም?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ብነግራቸው የእኔ መሆኑ የሚቀር መሰለኝ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ።

«ከዚያስ?» አለች ሊያ።

ነገርኳት። ልዑል መጀመሪያ የተንቀሳቀሰበትን ቀን፣ ባሌ ከአሰብ ሲመጣ ተንበርክኮ ሆዴን ያዳመጠበትን፣ ምጥ የያዘኝ ዕለት ፀሐይ ጫማዋን ሳታጠልቅ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝን። ልዑል ብዬ ስሙን ስጠራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያወራሁት ስለ ሞተው ልጄ አልነበረም፤ ስላልተወለደው ነበር፤ ያን ጊዜ እሱም ሌላ ሰው ነበር፣ ማን እንደሚሆን ያላወቅሁት።

ከኋላዋ ወይዘሮ ውባለም ለምሳ ሲጠሯት ሰማሁ። «ልሂድ እማማ» አለችኝ።

«ሂጂ ልጄ።»

ነገም ደውይልኝ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አላልኳትም። ስልኩን እሷ እስክትዘጋው ድረስ በጆሮዬ እንደያዝኩ ግቢው መሀል ቆምኩ፤ ከዚያ ለራሴ የሚበቃኝን ያህል ምሳ አቀረብኩና በላሁ።